ዲግሪው ያዋጣል ወይ ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ ከአባታችን ቀጥሎ ለምፈራህ ወንድምጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? የዱቄቱን ጆንያ ብቻህን ማንሳት ተውክ ወይስ አሁንም እልህ ይዞሃል? የእማዬ ጉልበት ደረጃ ያስወጣታል? ባለቤትህስ፣ መንትዮቹስ? እኔ እጄ በሳሙና ከመላጡ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆት በሽታ ነው ከተባለ ግን ታምሜያለሁ።

በስልክ ያልከኝን አልረሳሁም። «ሕክምና የተማረ ሐኪም ይባላል፤ ሒሳብ የተማረ ሒሳብ ሹም ይባላል፤ አንቺ የአካባቢ ሳይንስ አራት ዓመት በማታ ተምረሽ ምን ልትባዪ ነው? አካባቢ?» ብለህ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስንዘጋ ግን የክፍያውን ወረቀት አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። ክፍያው የደመወዜን እኩሌታ ይበላል፤ ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ የተማሩትን ጠይቄ ልወስን አልኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት በዚሁ ትምህርት የተመረቀ የታክሲ ሹፌር ነው። «ያዋጣል ወይ?» ስለው፣ «ስለ አየር ብክለት ተምሬ ጭስ ስነዳ እውላለሁ፤ አንቺው ፍረጂ» አለኝ። ሁለተኛዋ ከእኔ ክፍል በላይ የምትኖር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። «እስካሁን የጠቀመኝ እርጥበቱን ለመሸፈን ነው» አለች። «እሺ፣ ሒሳብ እማራለሁ» ልልህ ስልኬን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ልብስ ወደማጥብበት ላውንደሪያችን የፍሳሽ ተቆጣጣሪ መጣች። አሠሪያችንን በሌሉበት እትዬ በረኪና ነው የምንላቸው፤ ንግግራቸው የሰው ፊት ቀለም ያስለቅቃል። ያን ቀን የነጣው የራሳቸው ፊት ነው። ልጅቱ የካውያ ጠረጴዛውን እንኳ የማታክል፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገች ቀጭን ሴት ናት። ወንበር አመጡላት፣ ሻይ አዘዙላት፣ «መጋረጃሽን በነፃ እንጠብልሽ» አሏት። «መጋረጃ የለኝም» ብላ ጎንበስ አለችና ጠርሙሷን ከፍሳሹ ሞላች። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄ ቧንቧ የት ነው የሚደፋው?» አለች።

ወንድምጋሼ፣ እኔ አውቅ ነበር። ቧንቧው ከግቢው ጀርባ ተሰብሮ፣ ጎረቤታችን ሽማግሌ ጎመን የተከሉባት መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። ሰውየው ጎመናቸው ለምን እንደሚነጣ ሲገርማቸው ኖረዋል። ለእኔም ሁለቴ ሰጥተውኝ በልቻለሁ፤ አረፋ አለማውጣቴ ተመስገን ነው! እንጀራዬ ነውና ዝም ልበል አልኩ፤ አፌ ግን እኔን ሳያማክር «ይምጡ፣ ላሳይዎት» አለ።

ወደ ጓሮ ስንሄድ፣ ከገባሁ አይቀር ብዬ እሷም ይህንኑ ትምህርት ተምራ እንደሆነና ያዋጣት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት የስልክ ሽፋን ሸጫለሁ» አለችኝ። «አሁን ደመወዜ አያወፍርም፤ ግን ወር አይዘልም። ሀብታም መሆን ከፈለግሽ ላውንደሪ ክፈቺ።» ጎመኑን ጎንበስ ብላ አየችና ደግሞ፣ «አሁን የነገርሽኝ ወሬ ነው። ስትማሪው ማስረጃ ይሆናል» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ከሄደች በኋላ እትዬ በረኪና ሐሙስንም ዓርብንም ጮሁብኝ፤ «ቅዳሜ ሒሳብሽን ይዘሽ ውልቅ!» አሉ። ቅዳሜ ሽርጤን አጣጥፌ ፊታቸው ቆምኩ። በንዴት መሳቢያ ውስጥ ወርውረውት የነበረውን የተቆጣጣሪዋን ወረቀት ገና ያን ጊዜ ማንበባቸው ነው። ቧንቧው ይጠገን፤ ፍሳሹን በየሳምንቱ የሚለካ፣ በሙያው የሠለጠነ ወይም በመማር ላይ ያለ ሰው ይኑር ይላል። ወዲያው ደውለው አንድ ባለሙያ ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ወንበር ፈለጉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያ አካባቢ ምናምን ያልሽው ትምህርት ምዝገባው አለፈ እንዴ?» አሉኝ።

ሰኞ እንደሚዘጋ ነገርኳቸው። ፍሳሹን እኔ ልለካ፣ የትምህርቱን ክፍያ ግማሽ በግማሽ ልንከፍል ተስማማን፤ እኔም ለሽማግሌው እውነቱን ራሳቸው እንዲነግሩ ጠየቅሁ። እያጉረመረሙ ሄዱ። ሽማግሌው ደንግጠው፣ «እኔ እኮ አዲስ ዘር መስሎኝ ለአማቾቼ ሁሉ እየላክሁ ነበር!» አሉ።

እንግዲህ ያዋጣል ብዬ አልዋሽህም። አራት ዓመት ከሥራ ወደ ክፍል መሮጥ አለ፤ መጨረሻው የስልክ ሽፋን መሸጥ ሊሆንም ይችላል። ግን ያን ቀን እውነቱን ስናገር፣ ለምን እውነት እንደሆነ ማስረዳት አለመቻሌ ነው ያንገበገበኝ። ሒሳብ ብማር ይህ አይለቀኝም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ተመዘገብኩ። አትቆጣ፤ ብትቆጣም ፈርሜያለሁ።

የእማዬን ሁለቱንም ጉልበት ሳሚልኝ ብላሻለች ብለህ ለባለቤትህ ንገርልኝ። መንትዮቹን እኩል እኩል ሳምልኝ፣ እንዳይጣሉ። ዳቦ ቤቱ እቶን ላይ ለሚሠሩት ጓደኞችህም ሰላምታዬ ይድረስ።

ትናንት የመጀመሪያው ክፍል ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የምበልጠው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ በሩን ከፍቼ ስገባ መምህርቷ መስያቸው ተማሪዎቹ በሙሉ ብድግ አሉ። እኔም ሳላርማቸው «ተቀመጡ» አልኳቸው።

እህትህ

ከላውንደሪው ፎቅ፣ ከክፍሌ
ኅዳር 12 ቀን