ለአባባ የተከልኩት ዳስ

ሰኞ

ስምንት ጫማ ስፋት አይበቃም። ቢያንስ ዐሥር ሰው የሚያስቀምጥ ዳስ ነው የምፈልገው። ከምኖርባት ካምፐር፣ ከተጎታቿ ቤት ጎን የሚገጠም፣ ግድግዳ ያለው።

አባባ ትናንት ጠዋት ኢገን ከተማ፣ ወንድሜ ዳዊት ቤት ዐረፈ። የነገረችኝ እትዬ ጫልቱ ናት። እሷም ከሰው ሰምታ። ዳዊት ጋ ስደውል "ለቅሶው እዚህ ነው፤ አንቺ ግን አትምጪ፤ ሽማግሌዎቹ አሉ" አለኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች። ከስምንት ወር በፊት ከመካከላቸው አንዱ ቢሮ ዘግቶ ምን እንዳደረገኝ ነገርኳቸው። "ስም አጥፍተሻል፤ ይቅርታ ጠይቂ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ከኅብረት አገዱኝ፣ ዳዊት ከቤቱ አስወጣኝ። አባባ ዝም አለ። ስላላመነኝ ይሁን ስለፈራ፣ ሳልጠይቀው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የምኖረው ሆፕኪንስ፣ አብራኝ በነርስነት የምትሠራው እትዬ ጫልቱ ጓሮ ውስጥ በቆመች ካምፐር ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ አንድ ወንበር። ለቀስተኛ አትይዝም።

እኔም ልጁ ነኝ። ለቅሶ እቀመጣለሁ።

ማክሰኞ

ፍሮግታውን ሰፈር፣ ያገለገለ የካምፐር ዕቃ ጋራዡ ውስጥ የሚሸጥ፣ ከእስያ የመጣ የሞንግ ጎሳ ሽማግሌ አለ። የካምፐሩን ጎን በገመድ ለክቼ፣ ገመዱን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ዳስ ነበረው።

አንዱ ቪኒል፣ ላስቲክ መሰል። አዲስ ይመስላል። ዝናብ አያስገባም፣ ግን ሰው ከበዛበት ትንፋሹ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል አለኝ። ሌላው ወፈር ያለ ሸራ፤ ይተነፍሳል። ጠረኑ ግን አፍንጫ ይቆርጣል።

"ብዙ ሰው ነው? ፓርቲ?" አለ።

"አዎ" አልኩት።

ሸራውን ወሰድኩ። ስወጣ ስለ አጠባው ሲነግረኝ የነበረውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ።

እትዬ ጫልቱ ስንዘረጋው አፍንጫዋን ያዘች። "ሳብዬ፣ ይሄ አይጥ የሸናችበት ብቻ አይደለም፣ ዘሯን ሁሉ ያሳደገችበት ነው።" በረኪና አመጣች። "በረኪና የማያነጻው ኃጢአት ብቻ ነው።" ሁለታችንም በጠንካራ ብሩሽ ፈተግነው። ነጣ። ደስ አለን።

ረቡዕ

ቀብር። ከኋላ ቆምኩ። የጸለየው ያ ቢሮ የዘጋብኝ ሰውዬ ነው። አባቴ መቃብር ላይ እጁን ዘርግቶ ጸለየ፤ ሁሉም አሜን አለ። እኔ አላልኩም። ዳዊት አንዴ ዞሮ አየኝና ቶሎ ፊቱን መለሰ።

መኪናው ውስጥ አለቀስኩ፤ ከዚያ መጥቼ ዳሱን ተከልኩ። የሸራውን ጠርዝ በካምፐሩ ጎን ባለው የብረት ሐዲድ ውስጥ መሳብ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሁለቴ ተቀረቀረ። ጣቴ ደማ። አንዱን የፊት ቋሚ ዝቅ አደረግሁት፣ ውሃ በዚያ እንዲወርድ። ካስማዎቹን አጋድሜ መታሁ። ቆመ።

ወንበር፦ ዐሥራ ሁለት፣ ከጎረቤት የተዋስናቸው። የመጣ ሰው፦ እትዬ ጫልቱና ከሥራ ሁለት ነርሶች። ሺፍት ስለነበራቸው ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው ሄዱ።

ዘጠኝ ባዶ ወንበር ከባዶ ቤት ይከፋል።

ሐሙስ

እስከ ከሰዓት ማንም አልመጣም። እትዬ ጫልቱ "ገብተሽ ተኚ" አለችኝ። አልገባም አልኩ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ አስቴር መጡ። የአባባ የጸሎት ጓደኛ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ድራይቭ አድርጋ አምጥታቸው መኪና ውስጥ ቀረች። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ሳሙኝ፣ አለቀሱ።

"ኢገን አልነበሩም?" አልኳቸው።

"ከዚያ ነው የመጣሁት። አባትሽ ሁለት ልጅ አለው፤ ሁለት ቦታ አለቅሳለሁ።"

"ቢያዩዎትስ?"

"ምን ሊያደርጉኝ? ሊድሩኝ ነው?"

ሳቅኩ። በለቅሶ ሳቅኩ። ሲወጡ ስልካቸውን አውጥተው አንድ በአንድ መደወል ጀመሩ። "አድራሻውን ጻፊ... አዎ፣ ጓሮ ነው።"

ዓርብ

ሣልስት። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ።

ሸራው አፈሰሰ። በስፌቱ ሳይሆን በመላ አካሉ፣ እንደ ወንፊት። የሞንጉ ሽማግሌ ጋ ደወልኩ። በረኪና ስለው "ለብ ያለ ውሃ ብቻ ብዬሽ ነበር" አለ። ዝናብ የሚከለክለውን ቅብ አጥበን አውጥተነዋል።

ሰው ግን መጣ። ስድስት፣ ከዚያ ዐሥር፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ጃንጥላ ዘርግተው ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። አንዲት የመዘምራን ልጅ ጎንበስ ብላ "እኔንም ቢሮ ጠርቶኝ ያውቃል" አለችኝ። እጇን ያዝኩ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳዊት መጣ። ከደጅ ቆሞ "ይሄን ነገር አፍርሺ" አለ። "ሰው ቤቴን ትቶ ጓሮ ለጓሮ እየሄደ ነው። ምን ይሉናል?"

አፌን ስከፍት ሰዉ ቀደመኝ። ሁሉም ተነሣ። አባት የሞተበት ሰው ደጅ ቆሟል፤ "ጌታ ያጽናህ፣ ጌታ ያጽናህ" እያሉ እጁን ያዙት። ወይዘሮ አስቴር አጠገቤ ያለውን ወንበር አሳዩት።

"ና፣ የልጅ ቦታ እዚህ ነው።"

ተቀመጠ። ውሃው ኮቱ ትከሻ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አልተነሣም። ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

ሰው ሲሳሳ ዳዊት "ሣልስቱም አለቀ፤ ነገ ይነሣ" አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እርጥብ ሸራ አይጠቀለልም። ይሻግታል። ሲደርቅ አነሣዋለሁ።"

"መቼ ነው የሚደርቀው?"

ስልኬን አሳየሁት። እስከ ማክሰኞ ዝናብ ነው።

ስልኩን ተቀብሎ አየ። ስለ ሰውዬው አንድ ቃል አላወጣም፣ ስለ እኔም። ከዚያ "ነገ ሰው የሚመጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ና አላልኩትም። አትምጣም አላልኩም።