የሮም መንገድ በስድስት ሰዓት አጠረ

ይድረስ ለእህቴ ለእታለም፣ ሮም

የሮም ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይስማ! የኦስሎ ሃውገሩድ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆነው ወንድምሽ ጥሩነህ፣ ከትናንት እሑድ ጀምሮ የእጅ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዞረ መሆኑን በታላቅ ክብር ያስታውቃል። አጨብጭቢ እንጂ!

አዋጁን ካወጅኩ ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እቴ፣ ከፋሲካ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም "እህህ" ትያለሽ ወይስ ጎረቤት ሲያይሽ ብቻ ነው? ባለቤትሽ አስፋውስ፣ አዲሷ ሕፃንስ፣ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በረዶው ቀልጦ አስፋልቱ ታየ።

እንግዲህ አምስት ዓመት ሙሉ "ና" ባልሽኝ ቁጥር "ዘጠኝ ሰዓት አየር ላይ ተንጠልጥዬ አልመጣም" ስልሽ ኖርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን "የልጄ የካሌብ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሣ ካልመጣህ፣ ከእንግዲህ ወንድም ነበረኝ እላለሁ" ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ወዲያ ሻይ እንኳን አልወረደልኝም።

የልጄ የምሥራች ልጅ ሜሉ አኩርፌ አየችኝና "አባባ፣ ዘጠኝ ሰዓቱን እስቲ ቁጠርልኝ" አለች። ("አንተ" ነው የምትለኝ፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ለአያቱም ለድመቱም ያው ነው።) ቆጠርኩላት። አውሮፕላኑ ከኦስሎ የሚነሳው በእጄ ሰዓት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። የበረራው ወረቀት ደግሞ ሮም የሚደርሰው አሥራ ሦስት ሰዓት ነው ይላል። ከአራት እስከ አሥራ ሦስት ዘጠኝ አይደለም ወይ? ልጅቷ ሶፋው ላይ ተዘረረች! "ኔይ፣ አይደለም አባባ! መነሻውን በሐበሻ፣ መድረሻውን በፈረንጅ እኮ ነው የቆጠርከው!" በፈረንጁ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት፣ ሦስት ሰዓት ብቻ!

ርቀቱም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለችኝ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ሦስቴ እንደመሄድ ነው። ከሃውገሩድ በባቡር ኤርፖርት ደርሼ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ተፈትሼ፣ ሱሪዬን በእጄ ይዤ የምሰለፈው ከበረራው ሳይረዝም አይቀርም። ለካ ደጄ ላይ ኖረሻል!

ስለዚህ ትኬቱ ተቆርጧል። አርብ ሚያዝያ 30 ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በሐበሻ ነው የምልሽ፣ ሮም ነኝ። እሑድ ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ትጮኻለች፣ አንቺም አብረሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አጠገባችሁ ቆሜ እስቃለሁ።

አስፋውን ሰላም በይልኝ፤ ካርታውን ያዘጋጅ፣ ያኔ ያሸነፈኝ አጭበርብሮ ነው። ካሌብ ሲቀበለኝ ኋላው ሰፊ የሆነ መኪና ይዞ ይምጣ። እናቲቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ፣ የሕፃኗን ግንባር ሳሚልኝ። የምሥራችና ሜሉ ይስሙሻል።

ከመፈረሜ በፊት ግን፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈጠርኩት የሰዓቷን ስህተት ብቻ ነው። ሰዓቴ ዛሬም በሐበሻ ነው፤ መንገዱም ሦስት ሰዓት እንደሆነ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። መጨረሻ ያየሽኝ ሁለት ሻንጣሽን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ነበር፤ አሁን ኮሙኑ (ማዘጋጃ ቤቱ) የሰጠኝን ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፋሁ ስመጣ እንዳታዪኝ ፈርቼ ነው እስካሁን የቀረሁት። ግን እቴ፣ ቅርጫት አለው፣ የሕፃኗን ስጦታ እጭንበታለሁ። መቀመጫም አለው። ወገብሽን ሲያምሽ አንቺን አስቀምጬ እገፋለሁ።

ወንድምሽ ጥሩነህ
ኦስሎ፣ ሃውገሩድ
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.