በኒካሑ ቀን ያልተናገርኩት

ከሰላ፣ ሱዳን፣ ሻዕባን 12 ቀን 1407 ዓመተ ሂጅራ

ለምወድሽ ልጄ ለኢንሺራህ፣

የአላህ ሰላም በአንቺም በቤትሽም ላይ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ትንሽ ተሽሏታል። እኔም እንደ ድሮው ገበያ ተቀምጬ ጀለቢያ እሰፋለሁ፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ብቻ የሰው ዓይን መለመን ጀምሬያለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። መልስ ያዘገየሁት ስለታመምኩ አይደለም፤ ለእናትሽ ግን አሞኝ ነው ብያታለሁ። የጎረቤትሽ ሴት ስታምጥ በግድግዳው በኩል እየሰማሽ መቀመጥሽን የጻፍሽበትን ገጽ ሁለተኛ ማንበብ አቃተኝ። ስድስት ዓመት የከሰላን ሴቶች ስታዋልጂ የኖርሽ ልጅ፣ የመሣሪያ ሳጥንሽ አልጋ ሥር እያለ፣ በርሽን ያንኳኳችውን አማቷን “ባሌ አልፈቀደልኝም” ብለሽ መለስሻት። እናቲቱ ተርፋለች፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም አልሽኝ።

አሁን ከረመዳን በፊት ከባልሽ ጋር ቃዲው ፊት ልትቀርቡ ነው። “አባ፣ የኒካሑን ወረቀት ይዘህ ድረስልኝ። ሥራዬን እንዳልተው የተዋዋልንበት እሱ ላይ ነው ያለው” ብለሽ ጽፈሻል። ቃዲውም ውል ከተገኘ ይከበራል ብለዋል አልሽኝ። ልክ ናቸው። ሴት ልጅ በኒካሕዋ ያስገባችው ውል ከየትኛውም ውል በፊት መከበር ያለበት እንደሆነ ከልጅነታችን ስንሰማ ያደግንበት ነው።

ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ የለም። ባልሽ ሙዛሚል ቃሉን አላጠፈም። መጀመሪያውኑ ቃል የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ወደ መስጊድ ስወጣ እጄን ይዘሽ “አባ፣ እንዳትረሳ” ብለሽኝ ነበር። ረስቼው ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቁ ይቀለኝ ነበር። ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ ምንጣፉ ላይ ተሰበሰብን። የሙዛሚል አጎት ጣይፉር እንደምታውቂው ሰው ካላሳቀ የማይሆንለት ነው። “እኛ ቤት ከገባች ውሃ እንኳ አትቀዳም” አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና “አይ ባቢክር፣ ዛሬ ደመወዙን ዳረ” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የቤታችን ጣሪያ በማን ደመወዝ እንደተሠራ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ውሉን የሚጽፉት ሼኽ ሐስበላህ ቀና ብለው “በልጅቷ በኩል የምታስገቡት ሁኔታ አለ?” ሲሉኝ፣ “ሥራዋን እንድትቀጥል” ብል ጣይፉር ምን እንደሚል ገና ሳይናገር ሰማሁት። በልጁ ገንዘብ የሚኖር ሰው መባል ከበደኝ። “የለም” አልኩ። እጅ ተጨባበጥን፣ ቴምር ተበተነ። ቤት ስመለስ “ተናገርክልኝ?” ስትይኝ “አዎ” አልኩሽ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ “አዎ” ተማምነሽ ከባልሽ ጋር ስትሟገቺ ኖርሽ።

ባለፈው ሰኞ ሼኹ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከሰው ጨርቅ ስንዝር ወስጄ የማላውቅ ሰው፣ መዝገባቸውን ካስከፈትኩ በኋላ “ከፊርማው በላይ ክፍት ቦታ አለ፤ አንድ መስመር ትበቃለች” አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

“ባቢክር፣ ያን ቀን ጠይቄህ ነበር።”

“ጠይቀውኛል።”

“የልጅ ልጄን ያዋለደችልኝ ኢንሺራህ ናት። ሴት ለሴት ካልደረሰች ማን ሊደርስ ነው? ያን ቀን ብትነግረኝ ደስ እያለኝ እጽፈው ነበር። ዛሬ ግን የምጽፈው በሰው ልጅ ላይ የሐሰት ምስክርነት ነው። አንደኛው ምስክር ደግሞ ሞቷል። ከመቃብር ቀስቅሼ ላስፈርመው?”

ውሃ አጠጥተው ሸኙኝ።

እናትሽ ይህን ሁሉ አታውቅም። ጧት ጧት ሻይ እየቀዳች “ያ ቃለ አባይ” እያለች ሙዛሚልን ትረግመዋለች። “እመት ኸዲጃስ ነጋዴ አልነበሩም? እሱ ከነቢዩ በልጦ ነው ሚስቱን የሚቆልፈው?” ትላለች። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። “አንተስ አፍህ የታሰረው አማችህን ፈርተህ ነው?” ትለኛለች። ሙዛሚል ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሚስቱን ማብላትና ማልበስ የወንድ ግዴታ ነው፣ ምን ጎድሎባት ሰው ቤት ትዞራለች ሲባል ነው ያደገው። ያን ቀን ቢነገረው ወይ እሺ ይል ነበር፣ ወይ ሌላ ሴት ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ላንቺ ይሻልሽ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ባቡር እመጣለሁ። ቃዲው ያስምሉኛል። ብዋሽ አላህ አለ፤ እውነቱን ብናገር የሚፈረደው ለባልሽ ነው። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። እውነቱን እናገራለሁ። ከዚያ ሙዛሚልን እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ፤ እምቢ ካለ በእጄ የቀረ ነገር የለም። አሁን የጻፍኩልሽ ሰው ፊት ከአፌ ከምትሰሚው ብዬ ነው። ክሱን ልተው ብትይም፣ አባቴን ጣቢያ አልቀበልም ብትይም አልቀየምሽም። እኔ ያልቆምኩልሽን አላህ ይቁምልሽ።

እናትሽ አሁን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። “ምን ጻፍክላት?” አለችኝ። “ሰላምታ” አልኳት።

“ይሄ ሁሉ ገጽ ሰላምታ ነው? በል የኔንም ጨምርበት። እናትሽ አንድ ቀን ሰግታ አታውቅም በላት። አባትሽ ወረቀቱን ይዞልሽ ይመጣል፣ እሱ የተናገረው መሬት ጠብ አይልም በላት።”

እንዳለችው ጻፍኩልሽ።

አባትሽ ባቢክር