ስለ አተላውና ስለ ባልሽ

ይድረስ ለምወድሽና ላኮረፍሽኝ ታናሽ እህቴ፤ ካለሽበት ሐሙሲት።

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ ልጆችሽ፣ ከብቱ ሁሉ እንደምን አለ? ያ ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? ኩርፊያሽስ እንዴት ነው? የኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልቋል፤ ከጥምቀት ወዲህ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። እኔ ደኅና ነኝ። ደብረ ታቦርም ደኅና ናት፣ ብርዷን መቼም ታውቂዋለሽ።

ስልክ ብደውል አታነሺም። በሰው ብልክብሽ መልስ የለም። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ሾፌሩ እሸቴ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ እጅሽ ላይ ሊያደርስልኝ ምሎልኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዳግማ ትንሣኤ ቤቴ እንድትመጪ። ብቻሽን አይደለም ታዲያ፣ ባልሽን ሙላቴን ይዘሽ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን የአተላውን ነገር ስሚኝ።

ወይ ጉዴ! አተላ ስል ደብዳቤውን ልትቀድጂው ነው አይደል? ቆይ፣ አትቅደጂው! በእማዬ ተዝካር ላይ ባልሽን በቄሶቹ ፊት አንተ አተላ ያልኩት እኔ ነኝ፣ መች ረሳሁት። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አልተሰደበም። ጣሳውን ቀመስ አድርጎ፣ ይሄማ ቅራሪ ነው ብሎ ድንኳኑ እስኪሰማ ተናገረ። ሃያ ዓመት ጠላ ስጠምቅ የኖርኩትን ሴትዮ! ድፍድፉን ሁለተኛ በውሃ አጥበሽ እጣቢውን አጠጣሽን ማለቱ እኮ ነው። ደሜ ፈላ፣ ተናገርኩ። አንቺም ነጠላሽን አንስተሽ ወጣሽ፣ ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው።

እና በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ነጭ ጋዋን በክንዳቸው ጣል ያደረጉ፣ ጀሪካን የያዙ ትልቅ ሰው በሬ ላይ ቆሙ። ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ነው የመጣሁት፣ ይሻው እባላለሁ፣ አንቱ እመቤት እባክዎን አተላዎን ይስጡኝ አሉኝ። አስቢው እንግዲህ! ሙላቴ አሽሙረኛ ቀጥሮ የላከብኝ ነው የመሰለኝ። ማማሰያዬን ይዤ ብድግ ስል፣ ሰውዬው ጀሪካኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ አጥሩ ሸሹ። ማን ነው ሙላቴ፣ እኔ ሙላቴ የሚባል ሰው አላውቅም እያሉ ሲምሉ ነው ልቤ የራራው።

ለካ የእውነታቸውን ነው። እኛ ለበሬና ለአህያ የምንደፋው የጌሾና የገብስ ቅሪት ውስጥ ለጤና የሚሆን ንጥረ ነገር ሳይኖር አይቀርም አሉ። እሱን አጣርተው እያወጡ፣ ለአንጎል ብግነት ይረዳ እንደሆነ አይጦች ላይ ይሞክራሉ። የአንጎል ብግነት ሲሉኝ እኔ የገባኝ ንዴት ነው። ታዲያ አይጦቹን ማን አበገናቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቃቸውን ብታዪ፣ መነጽራቸው ወደቀ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ብግነት ማለት ቁስል ዙሪያ እንደሚቀላውና እንደሚያቃጥለው ያለ ነገር ነው፣ አንጎል ውስጥ ሲነሳና ሲከርም ማስታወስን ይጎዳል አሉኝ። ገባኝ ብዬ ሸኘኋቸው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እሳቸው እንደሄዱ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የኔስ አንጎል ካንቺ ከተጣላሁ ጀምሮ ምን ሲሆን ከረመ? ስበግን አይደል የከረምኩት?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ጀመር። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ሰማ። ጎረቤቴን ፈንታነሽን ታውቂያታለሽ፤ አማቷ ነገር እየረሱ ያስቸግሯታል። ይቺ ጉደኛ ወሬውን በግማሽ ሰምታ፣ ለአሮጊቷ አንድ ጣሳ አተላ አጠጣቻቸው! ሆዳቸው ሲጮህ ዋለ። የሷን ስም ግን አልረሱም፣ በስሟ እየጠሩ ሲረግሟት ዋሉ። አቶ ይሻው ይህን ሲሰሙ ደንግጠው እቤቷ ድረስ ሄዱ። አተላውም ጠላውም መድኃኒት አይደለም፣ ከአይጦቹም ለፈተና በተሠራላቸው ጠመዝማዛ መተላለፊያ መንገዳቸውን ቶሎ ማግኘት የጀመሩት ገሚሶቹ ብቻ ናቸው፣ ለሰው ገና ብዙ ይቀረዋል ብለው ተቆጧት። ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው አይወጣም።

እኔንም ደብተር ሰጡኝ። ጌሾው ስንት፣ ብቅሉ ስንት፣ ውሃው ስንት እንስራ፣ ሁሉን ጻፊ ተባልኩ። በተለይ ውሃው ላይ አደራሽን፣ ውሃው ከተዛባ ልፋቴ ሁሉ ውሃ በላው አለኝ። አሉኝ ማለቴ ነው። እኔም በጥንቃቄ ጻፍኩ። አንድ ሳምንት ግን ድፍድፉን አጥቤ ቅራሪ ቀድቼበት፣ ይሄን ማን ይጽፋል ብዬ ተውኩት። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ይሻው ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የዚያ ቀን አተላ ከሌላው ጋር አልገጥም ብሎት፣ ሚዛኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያለ፣ የወር ሥራውን ሊጥለው ነው። ሰውዬው ሳያጠፋ ራሱን ሲወቅስ እንዴት አድርጌ ልየው? ቅራሪ ቀድቼበታለሁ ብዬ ተናዘዝኩ። ይቆጣኛል ስል እስክሪብቶውን አወጣና ጻፈው። ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎኝ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እህቴ፣ እውነት መናገር እንዲህ ቀላል ከሆነ ላንቺም ልንገርሽ። የእማዬ ተዝካር ጠላ ቅራሪ ነበር። ሙላቴ አልዋሸም። ከጠራሁት በላይ ሰው መጣ፣ ጋኑ ጎደለ፤ በእናቷ ተዝካር ጠላ አለቀባት ከምባል ብዬ ድፍድፉን አጥቤ ቀዳሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አውቆ የተናገረው እሱ ብቻ ነው፣ እኔም ስላወቀብኝ ሰደብኩት። አጥፍቻለሁ። አንቺንም በማታውቂው ነገር ዓመት ሙሉ ከቤቴ አራቅኩሽ። ለሙላቴ ይህቺን ገጽ አንብቢለት፣ ምንም ሳትዘይ።

አሁን ወደ ዳግማ ትንሣኤው ልምጣ። ለላቦራቶሪው የሚበቃ አተላ ከተሰበሰበ ቆየ፤ ከገና በፊት በቃን ብሎኝ ነበር። ይሻው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም። ጀሪካኑን ባዶ ይዞ ይመጣል፣ ባዶውን ይዞ ይሄዳል። ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፣ የኔው ሰውዬ ደግሞ አሥር ሊሞላው ነው። ባለፈው ቅዳሜ እግሩን እያፍተለተለ ቆየና፣ ለዳግማ ትንሣኤ ከአገሬ ከገሳይ ሦስት ሽማግሌዎች እቤትሽ ቢመጡ ቅር ይልሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ቤቴ ሲመጣ መቼ ቅር ብሎኝ ያውቃል አልኩት። ታዲያ ከናንተ ወገን ማንን ያነጋግሩ አለኝ። አባባ የለ፣ ወንድም አልሰጠን። ሙላቴ ነው አልኩት። አስቤበት አይደለም፣ ከአፌ አምልጦኝ ነው፤ ካመለጠኝ በኋላ ሳየው ግን ልክ ነው።

እና እባክሽ አምጪልኝ። በኛ በኩል ሆኖ ይቀመጥልኝ፣ የሚሉትን ይስማ፣ መልሱንም እሱ ይስጥ። እሺ ካለ እሺ ነው። እምቢ ካለም እምቢ ነው፤ ማርያምን፣ ጓዳ ሆኜ ትንፍሽ አልልም። ብቻ እምቢ እንዳይል፣ እህቴ፣ ያንቺ አደራ ነው።

የቀረውን ጾም በሰላም ያስፈጽምሽ። ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ጉልበትሽን መንገዱን እስክትዘልቂው ያበርታልሽ።

ታላቅ እህትሽ