የቦሎቄዋ ክፍል ቁልፍ

ለውድ እህቴ፣ ለእት ዓለሜ፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ የጠመኔ ሳልሽስ ተወሽ ወይስ እንደ ዘመድ መጥቶ ተቀመጠ? እማዬስ እንዴት ናት? ግድግዳ ተደግፋ እስከ በራፉ መድረስ ጀምራለች ያልሽኝን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወገቧ ሌሊት ሌሊት ያስተኛታል ወይ? መድኃኒቷን ዛሬም ዋጥኩ እያለች ትራሷ ሥር ትደብቃለች ወይ? ተማሪዎችሽስ ፈተናውን እንዴት ተወጡት? እኔ በሰው አገር ለጤናዬ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም ብዬ እጽፍልሽ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እውነቱን ልነግርሽ ቆርጫለሁ። ናፍቆቱም አለ፣ ሌላም አለ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዝውውሩ ዳግመኛ እንደተፈቀደልሽ፣ የዚያኛው ከተማ ትምህርት ቤት ኃላፊ ቦታውን የሚያቆዩልሽ ትምህርት እስኪከፈት ብቻ እንደሆነ፣ እጮኛሽም እዚያ ሆኖ እንደሚጠብቅሽ ጽፈሻል። ከዚያ እንደ ልማድሽ ከታች «አንተ ግን ሲመችህ ና፣ አትጨነቅ» ብለሽ ጨረስሽው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው አትጨነቅ ነው። እማዬን ብቻዋን ጥሎ መሄድ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ካልመጣሁ አንቺ ንቅንቅ አትዪም። ያለፈው ዝውውር ያመለጠሽም ፊልሙ ሲያልቅ እመጣለሁ ስላልኩሽ ነው። እንግዲህ ፊልሙ ምን ላይ እንደደረሰ ልንገርሽ።

እማዬ ልጄ ፊልም ይሠራል እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች አሉ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም ከየትኛዋ ተዋናይ ጋር ፎቶ እንደተነሣሁ ጠይቆሻል። ንገሪው፣ የኛ ዋና ተዋናይ ቦሎቄ ናት። ቀልዴን አይደለም፤ የምንሠራው ስለ ሳይንስ የሚያስረዳ ዘጋቢ ፊልም ነው። ድርጅት ሲባል ደግሞ ትልቅ ሕንጻ እንዳይመስልሽ፣ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። ባለቤቱን መምህሩ እንለዋለን። ዱሮ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ ዛሬም ሲያወራ እጅሽን አውጥተሽ መጠየቅ ያምርሻል። ሁለተኛዋ ባለካሜራዋ ናት፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም፣ ጢንዚዛ ፊት ግን ሕፃን እንደምታባብል እናት ወሬዋ አያልቅም። እኔ ድምፅ እቀዳለሁ፣ የተቀረጸውን ምስል እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የጉንዳን ኮቴ በማይክራፎን ስለማይያዝ ሩዝ ወረቀት ላይ እያንከባለልኩ ነው የማወጣው። ይህን እንኳ ለልብስ ሰፊው ባትነግሪው ይሻላል።

የምንሠራው ከአንድ ጫማ መደብር ሥር ባለ ምድር ቤት ነው። ሁለት ክፍል አለን። በአንደኛው እኔ እሠራለሁ፣ እተኛለሁም፤ በሁለተኛው ቦሎቄዋ አለች። በመካከላችን አንድ በር አለ። ከጣራው ሥር የመንገደኛ እግር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ነበረን፤ ብርሃን እንዳያስገባ ተብሎ በጥቁር ቀለም ተቀባ። አሁን እግሩን አላይም፣ ኮቴውን ብቻ እሰማለሁ። ሰዎች ከላይ አዲስ ጫማ እየለኩ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ እኔ ከታች ተቀምጬ አዳምጣለሁ።

ፊልሙ ሐረግ የምትጠመጠምበትን ነገር እንዴት ፈልጋ እንደምታገኝ የሚያሳይ ነው። ቦሎቄዋ በሳጥን ተተከለች፣ ከጎኗ እንጨት ቆመላት፣ ከአናቷ መብራት በራላት። ካሜራው በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ቡቃያዋ በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው አየሩን ስትዞረው ትታያለች። ውሃ ከኔ ክፍል በቀጭን ቱቦ ይሄድላታል። መምህሩ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ሳያልቅ አይታይም። በሩ አይከፈትም፣ ፎቶውም አይወጣም፤ ያየ ሰው እጁን ማስገባቱ አይቀርም ይላል። ሦስታችንም እሺ ብለን ተማማልን። ቱቦውንና መብራቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ዳቦ ልገዛ ካልሆነ ከዚህ ክፍል አልወጣም። ቁራሹን በቁሜ እየገመጥኩ ሮጬ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቀረጻው አለቀና ሦስታችን ተጠጋግተን ለማየት ተቀመጥን። ስትጀምር ብታዪያት ኖሮ። ከአፈሩ ብቅ አለች፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ መዞር ጀመረች። ባለካሜራዋ እንባ አቀረረች። ትንሽ ቆይቶ ግን ቡቃያዋ እንጨቱን ትታ ወደ ግራ ማዘንበል አመጣች። ዞር ትልና ተመልሳ ወደ ግራ። መምህሩ በግራ በኩል ምን አለ ብሎ ጠየቀ። በግራ በኩል ያለው በሩ ነው። በዚህ መሐል ምስሉ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋና መምህሩ ቀስ ብለህ መልሰው አለኝ። መለስኩት። በሩ ገርበብ ብሏል፣ በክፍተቱ የኔ ክፍል መብራት ገብቷል፣ በመብራቱ መሐል የኔ ግማሽ ፊት ከነሻይ ብርጭቆዬ ቁጭ ብሏል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ባለካሜራዋ በዚያች ቀጭን ድምጿ ዝም ብለህ ቀጥል አለችኝ። ቀጠልኩ። የሷ ፀጉር መጣ። ከዚያ እንደገና እኔ። ከዚያ፣ እት ዓለሜ፣ የመምህሩ መነጽር። አንዴ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እሱማ ዳቦ ልገዛ መውጣቴን እየጠበቀ ከሁለታችን ይበልጥ ተመላልሷል። እንዲያውም አንዱ ላይ ክራባት አስሯል፤ ስብሰባ ሊሄድ ሲል ሊሰናበታት ገብቶ መሆን አለበት። ለካ ሦስታችንም አንዱ ከሌላው ተደብቀን፣ በሩን ገርበብ እያደረግን፣ ቆመን ስናያት ኖረናል። እሷም እንጨቷን ትታ የኛን ብርሃን ስትከተል ኖራለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ፊልሙ ግን ተበላሽቷል።

መምህሩ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየና እንደገና እንጀምራለን አለ። ፊልሙን ያዘዘውን የቴሌቪዥን ጣቢያም ለምኖ ጊዜ አስጨመረልን። አሁን በሩ አዲስ ቁልፍ ገብቶለታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ማን ይያዘው ሲባል መምህሩ ራሱን እንደማያምን ተናገረ። ባለካሜራዋ ልጆቿ ስላሉ ማምሸት አትችልም። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ አንተ ያዘው፣ አንተ እዚህ ሰው የለህም አለኝ። በክፋት አላለውም፤ በፍቅር ነው ያለው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥዬው ለመሄድ አፍታም አይፈጅብኝም ነበር። ልቤ እምቢ እያለ አፌ እሺ አለ። ባለካሜራዋም እንዳይጠፋብኝ ብላ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። አዲሷ ዘር ትናንት አፈር ገብታለች። እሷ አድጋ፣ ፊልሙ ተቆርጦና ተቀጥሎ እስኪያልቅ ትምህርት ከተከፈተ ይሰነብታል።

ይህን የምጽፍልሽ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ልንቀሳቀስ ስል ቁልፉ ደረቴን ይመታኛል። ታፍኛለሁ፣ እት ዓለሜ። የመኖሪያ ፈቃዴ በድርጅቱ ስም ስለሆነ ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት የለም፤ ስሜን የጻፍኩበት ፊልምም ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ይህም ያስፈራኛል፣ አልዋሽሽም። ወረቀቱን ሳነሣ ያሰብኩት እንደ ዱሮው ትንሽ ታገሺኝ ልልሽ ነበር። የምትመልሺልኝን ሳልከፍተው አውቀዋለሁ፤ እሺ፣ ሲመችህ ትያለሽ። ሁለታችንም የእማዬ ልጆች ነን፤ መንገደኛ ወንበራችሁን ቢለን ሰጥተነው ቆመን የምንበላ ሰዎች ነን። እኔ ለመምህሩ እሺ እላለሁ፣ አንቺ ለኔ እሺ ትያለሽ፣ እማዬ ለሁላችንም እሺ ብላ ግድግዳዋን ይዛ ትሄዳለች። ማንም ሳይበድለን ሦስታችንም ታስረናል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ዘንድሮ እሺ አትበይኝ። ዝውውሩን ተቀበይ፣ ፈርሚ፣ ጓዝሽን ሸክፊ። እኔ ይህን ክር በገዛ እጄ ማውለቅ አቃተኝ፤ ወኔ አጣሁ፣ አፍሬም ነው የምነግርሽ። አንቺ ልትሄጂ ቀን ከቆረጥሽ ግን እማዬን ማን ይይዛታል? ያኔ መምህሩ ፊት ቆሜ ሰው አለኝ ማለት እችላለሁ። ረጅም መልስ አትጻፊልኝ፣ ናፍቆትም ምክርም አትጨምሪበት። የምትሄጂበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ፤ ቀድሜሽ እደርሳለሁ።

ለእጮኛሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ትዕግሥቱ እንዳያልቅ አደራ በይልኝ። አክስታችንን ሳሚልኝ፤ ስለ ክብደቴ እንዳታስብ፣ ከዱሮው የባሰ አልቀጠንኩም። ልብስ ሰፊውን እንዴት ነህ በይልኝ፤ ከተዋናይዋ ጋር የተነሣሁት ፎቶ አለ፣ ይዤለት እመጣለሁ። ለተማሪዎችሽም ሰላምታዬን ንገሪልኝ። እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እመጣለሁ ማለቴን ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት፤ በር በሩን ስታይ እንዳትውል።

ወንድምሽ ቀጮ

ከምድር ቤቱ፣ ከበሩ አጠገብ
እሑድ፣ ሐምሌ 12 ቀን