ለሠላሳ አራት ዓመቱ ጡረተኛ ወንድሜ

ለምወድህ፣ ለማሾፍብህ፣ ከርቀቱም የተነሣ ጆሮዬን መቆንጠጥ ለማትችለው ወንድም ጋሼ፤ ከራስ ጠጉርህ (የተረፈህ ካለ) እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ሚስትህ ካንተ ጋር ውላ እያደረች ጤናዋ እንዴት ቻለው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአውራ ጣቴ ቁስል በቀር ደህና ነኝ፤ ቁስሉንም ያነሣሁት እንድታዝንልኝ ብዬ ነው።

እማዬ በስልክ ሁሉንም ነግራኛለች። የእጅህ አንጓ ብር ላይ መቅረጫ መግፋት እምቢ ካለህ ወዲህ መሣሪያህን በጨርቅ ጠቅልለህ አልጋ ሥር ከተትከው አሉ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠህ ላለፈ ላገደመው ምክር ትሰጣለህ አሉ። እሱስ ይሁን፤ የሚሰማህ ካገኘህ። ግን የሥራ ጠረጴዛህን ለጎረቤታችን ለአናጺው ልትሸጥለት ነው ስትለኝ ሳቄ ጠፋ። ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው፤ ሰባተኛ ክፍልን ወድጄው ሁለቴ የተማርኩ ሰው መሆኔን አስበህ ፊደሌን ታገሠኝ።

እዚህ የቅርጽ ሥራ ልማር ስመጣ እንደምታውቀኝ ደረቴን ነፍቼ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ካንተ ጎን ቀለበትና አምባር ላይ ሐረግ ስቀርጽ ያደግሁ ሰው ምን ይቀረኛል ብዬ! አስተማሪያችን ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ካፋቸው «ቀስ በል» ስለማይጠፋ እትዬ ቀስበል ብያቸዋለሁ። ሥራዬን አገላብጠው አዩና «ጥሩ ነው። አሁን ቀጥ ያለ መስመር ሥራልኝ» አሉኝ። መስመር! እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ! መዳብ ላይ መስመር ሳሰምር ሰነበትኩልህ።

ከዚያ የዚህን ቤት ሐረግ ጀመርኩ። እኛ ሥራውን አጥብቀን እናስረውና እጃችን ይዞራል አይደል? እዚህ ግን ሥራው የሚታሰርበት ሞርሳ እንደ ኳስ ይሽከረከራል፤ ግራ እጅ ሥራውን ያዞረዋል፣ ቀኝ እጅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ በልማዴ እጄንም ሞርሳውንም አዞርኩና ቅጠል ብዬ የጀመርኩት ነገር ቀንድ አውጣ ሆኖ ቁጭ አለ። እትዬ ቀስበል በማጉያ መነጽራቸው አዩት፤ «ይሄን እንስሳ ማን አዘዘ?» አሉ። እኔ መች እጅ እሰጣለሁ! አጠገቤ የሚሠራውን ወፍራሙን ብር ወልዋይ «የቤተሰባችን የጥንት ምልክት ነው፣ ለሚጋቡ ሰዎች ዕድል ያመጣል» አልኩት። አምኖኝ የእጮኛው አምባር ላይ አስቀረጸኝ። እሷም ወደደችው፤ እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከአንተና ከዚህ ቤት አሠራር ቀጥሎ የተማርኩት ሦስተኛው በመዶሻ ነው። አውቃለሁ፣ ፊትህን አጨማደድክ። «መዶሻ ለምስማር ነው፤ ለብር መዳፍ» እያልክ አይደል ያሳደግኸኝ? እኔም ይህንኑ ለእትዬ ቀስበል ነገርኳቸውና «መዶሻውን ያመጣው እርጅና ነው እንዴ?» ብዬ ጨመርኩበት። አልተቆጡም። እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንጓቸው ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ አሳዩኝ። «መዳፌ መግፋት እምቢ ሲለኝ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ግን አኩርፌ ቤት ተቀምጬ ነበር። መዶሻዋን ተቀይሜ! ምን እንዳደረገችኝ እንጃ» አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ የዚያን ቀን ቀልድ አልመጣልኝም። ስላንተ አወራኋቸው። «ወንድሜ ጡረታ ወጥቷል» ስላቸው «ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ። «ሠላሳ አራት» አልኩ። የያዙትን ጨርቅ ፊቴ ላይ ወረወሩብኝ! «ና ተቀመጥ፤ ደህና አድርገህ ተማርና ንገረው» አሉኝ።

ተማርኩ። መሮዋን እንደ እርሳስ ላላ አድርገህ ትይዛታለህ እንጂ አትገፋትም። መዶሻዋ ከሾርባ ማንኪያ አትከብድም፤ ጠክ ጠክ ጠክ፣ ልክ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም። አንጓዬ እንዳይታጠፍ በጨርቅ ጠፍሬ አስሬው ሞከርኩት፤ ይሄዳል። መስመሩ መጀመሪያ የመጋዝ ጥርስ ይሆንብሃል፣ አትደንግጥ። የመጀመሪያው ሥራህ ከእኔ ቀንድ አውጣ ቢብስ ለማንም አልናገርም፤ ለወልዋዩ ብቻ። እጅህ ይዳን አይዳን አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም። ሐረግ የት ጋ መታጠፍ እንዳለበት የሚያውቀው ግን ዓይንህ ነው፤ ዓይንህን ደግሞ አላመመህም። እዚህ ካሳየኋቸው ሥራ ሁሉ መሀል እትዬ ቀስበል «ይሄን መታጠፊያ ማን አሳየህ?» ያሉኝ ያንተን ሲያዩ ብቻ ነው።

መዶሻዋን፣ ሁለት መሮና አንድ የመዳብ ሰሌዳ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልህ ሰው ልኬልሃለሁ። ሰሌዳው ላይ ሐረጉን እስከ ግማሽ ሠርቼ ተውኩት፤ ቀሪውን ጨርሰህ መልስልኝ። እንዲሁ ከመለስክልኝ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «የታላቅ ወንድሜ ሥራ ነው፣ ሰውዬው መጨረስ አይወድም» እላለሁ። ታውቀኛለህ፤ አደርገዋለሁ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜልሻለሁ በልልኝ፤ ወሬ ማቀበሏንም እንዳታቆም። ሚስትህን አይዞሽ፣ ባልሽን ከበሩ ላይ ላነሣልሽ ነው በልልኝ። ድንቡሼ ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ፤ መዶሻዋን ግን እንዳታስነካው፣ እሱ እንደ አጎቱ ነው። አናጺውንም ሰላም በልልኝ። ጠረጴዛው ሰው ይዞታል በለው።

ታናሽህ
ከቅርጽ መሥሪያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን