የ«ሰው» ብዙ ቁጥር

እሑድ

ሊታል ቪዲዮውን ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ልካዋለች። የገዛ ልጄ! ከፋብሪካ ስመለስ ባግሩት ለሚሉት ለእስራኤል የማትሪክ ፈተና የእንግሊዝኛ ሥራዋን ይዛ ጠበቀችኝ፤ እንግሊዝኛና አማርኛ ስምን እንዴት እንደሚያበዙ ማወዳደር አለባት። «ሁለት ልጆች በእንግሊዝኛ በይ» አለችኝ። «ቱ ቻይልድ» አልኩ። እኛ ሁለት ልጅ፣ ሦስት ቤት እንላለን፤ ቁጥሩ ካለ ይበቃል። ሳቀች። «አብዢው እንጂ!» «ቻይልዶች።» ለካ ስልኳ እየቀዳ ነበር።

ሰኞ

ማሸጊያ ክፍል ስገባ ዝናሽ «ቻይልዶች እንዴት አደሩ?» አለችኝ። ልጇ ከሊታል ጋር ነው የምትማረው። ሁሉም ሳቁ። ፈረቃው እስኪያልቅ ከካርቶኑ ቀና አላልኩም።

ቤት ስገባ ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፤ ደብተሯን ይዛ መጣች። «እማ፣ ሁሉም ላይ ‹ኦች› ነው የሚጨመረው?»

«ኧረ የለም። እንግሊዝኛውስ ለአንዱ ማን፣ ለብዙው ሜን ይል የለ?» ቅጠል፣ ቅጠላ ቅጠል አልኳት። ይሄ እውነት ነው። ከዚያ ቀጠልኩ፤ ሰው፣ ሰዋሰው። ቄስ፣ ቄሳቄስ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሁሉንም አምና ጻፈች። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ነገ የምታቀርበውን መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ሰማኋት። ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የዝናሽ ሳቅ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ረቡዕ

ልጆቹ ሥራቸውን ሲያቀርቡ እንድንሰማ ትምህርት ቤት ወላጆች ተጠርተን ነበር። ሊታል አባዬን፣ ሳባ የምትላቸውን አያቷን፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው፣ ልታከብራቸው ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጣችው። ከዚያ በአማርኛ፣ «ሳባዬ ከቄሳቄስ አንዱ ናቸው፤ ሰዋሰው ሁሉ ያከብራቸዋል» አለች።

መጀመሪያ አማርኛ የሚያውቁት ወላጆች ሳቁ፣ ልጆቹ ተከተሉ። ሊታል ምን እንዳሳቃቸው አላወቀችም። አብራ ፈገግ አለች። አባዬ ግን ዞረው እኔን አዩኝ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ በሯን ዘግታ ዋለች። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ ለምን እንደተሳቀባት ልጆቹ ነግረዋታል። «ሆን ብለሽ ነው?»

«አይ፣ እኔ እንደዚያ ነው የማውቀው» አልኳት።

ከዚያ እጄን ያዘች። «ምስኪን እማ። አማርኛም አታውቂም ማለት ነው?» ቪዲዮውን ዓይኔ እያየ አጠፋችው። እንደ በሽተኛ ሻይ አፈላችልኝ። ከምታዝንልኝ ብትስቅብኝ በተሻለኝ።

ዓርብ

አባዬ ደወሉ። ሰላምታም የለም። «ዛሬ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ አውቀሽ እንዳሳሳትሻት ንገሪያት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

እሺ አልኳቸው። ሊታል ጠረጴዛው ላይ ከስልኳ እያየች፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ እንደሚጻፍ በትልልቅ ፊደል ቃላት ትጽፍልኛለች። «ቀሳውስት። ድገሚ» አለችኝ።

ደገምኩ።

ሰንበት ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቷል።